ለትንሽ የካምፒንግ ተሳቢ ምን ዓይነት መብራት፣ ምን ያህል ባትሪ?

ትንሽ የካምፒንግ ተሳቢ የሚገዛ ወይም ያረጀውን የሚያድስ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በሚታየው ዕቃ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት መብራቶች፣ አልጋው አጠገብ ያለው የዩኤስቢ ሶኬት፣ ቀለሙን የሚቀያይረው ሪባን መብራት ልብ ይስባሉ። ሻጩም የሚያሳየው እነሱኑ ነው። ሌሊቱ በሰላም ማለፍ አለማለፉን የሚወስነው ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለው ነው፤ የሽቦው ውፍረት፣ የፊውዙ ቦታ፣ የማሳው አያያዝ፣ የባትሪው ዓይነት። ጉዳዩን ከዳር እስከ ዳር ስመለከተው የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው። መብራት ዛሬ በተሳቢ ውስጥ ኃይል የሚበላ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ ስለዚህ መብራት ሲመረጥ መታሰብ ያለበት ለዓይንና ለጎረቤት ነው። ገንዘቡም ጥንቃቄውም መዋል ያለበት በማይታየው ክፍል ላይ ነው።

የምናወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ተሳቢ ያደገው እዚያ ነውና። ቲርድሮፕ የሚባለው፣ ከጎን ሲታይ የውሃ ጠብታ የሚመስለው ትንሽ ተሳቢ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብቅ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ሜካኒክስ ኢላስትሬትድ የተባለው መጽሔት የአሠራር ንድፉን አተመ፤ ብዙ ሰውም በየጓሮው ይሠራው ጀመር። ከውስጥ ለሁለት ሰው የሚሆን አልጋ አለው፤ ከኋላ ክዳኑ ወደ ላይ ሲከፈት ማዕድ ቤት ይወጣል። ቅርጹ እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጠም። የተለወጠው በዚያ ጠባብ ሣጥን ውስጥ የሚገባው ዕቃ ነው፤ ፍሪጅ፣ ማራገቢያ፣ ሁለት ሦስት ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ አንዳንዴም በእንቅልፍ ሰዓት የሚጠለቅ የመተንፈሻ መሣሪያ።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖረው ወገናችን ቅርብ ምሳሌ የሚሆነው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው 105 ማይል መንገድ በተራራው ጫፍ ላይ ይዘልቃል፤ ቢግ ሜዶውስና ሎፍት ማውንቴንን የመሳሰሉ የካምፕ ቦታዎችም በመንገዱ ላይ አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ለተሳቢ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሶኬት የለም። ጄኔሬተር ማስነሳትም በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ተሳቢው ይዞት በሄደው ባትሪ ማደር አለበት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እንዲህ ያለውን ቦታ በማሰብ ነው።

መንገድ ላይ

የመንገድ መብራትን የሚወስነው ሕግ ስለሆነ ለምርጫ ብዙ ቦታ የለውም። በአሜሪካ የተሽከርካሪ መብራት የሚገዛው በፌዴራል ደረጃ ቁጥር 108 ነው። ተሳቢው የኋላ፣ የፍሬን፣ የፍሬቻና የታርጋ መብራት ያስፈልገዋል፤ በጎኑም ከፊት ብርቱካናማ፣ ከኋላ ቀይ የጎን መብራትና አንጸባራቂ ሊኖረው ይገባል። ወርዱ 80 ኢንች፣ ማለትም 2 ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር ግድም ከደረሰ ከኋላ መሐል ላይ በተርታ የሚቀመጡ ሦስት ቀይ መብራቶችና የወርድ ማሳያ መብራቶች ይጨመሩበታል። ቲርድሮፕ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ስለሚጠብ ይህ ግዴታ አይደርስበትም።

መኪናውንና ተሳቢውን የሚያገናኘው ስፒና በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። ባለ አራቱ የሚያሻግረው መብራት ብቻ ነው፤ ነጩ ሽቦ ማሳ፣ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ። ባለ ሰባቱ በዚህ ላይ ለኤሌክትሪክ ፍሬን፣ ለኋላ ማርሽ መብራትና ባትሪ ለሚሞላ የ12 ቮልት መስመር ቦታ አለው። ተሳቢው የራሱ ባትሪ ካለው ከመጀመሪያው ባለ ሰባቱን ማስገባት ነው።

በተሳቢ መብራት ላይ ከሚደርሰው ብልሽት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ማሳ ነው። የግራው ፍሬቻ ሲበራ የቀኙም ደብዘዝ ብሎ አብሮ ከጠቀሰ፣ ወይም ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት ከጠፋ፣ አምፖል መቀየር ትርፉ ድካም ነው። ነጩን ሽቦ ተከትሎ መሄድ ይሻላል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ሻሲው ላይ የታሰረች አንዲት ቡሎን ናት፤ ቡሎኗን ሲፈቷት ሥሯ ቀለም ወይም ዝገት ይገኛል። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት በጎረቤቱ አምፖል በኩል ዞሮ ይመለሳል፤ ያ ግራ የሚያጋባ ጥቅሻ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ተርሚናሉን ቀይሮ፣ አጥብቆ አስሮ ግሪስ መቀባት ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ከእያንዳንዱ መብራት የሚወጣውን ማሳ በሻሲው ላይ ሳይመኩ በራሱ ሽቦ እስከ ስፒናው ማምጣት ነው። ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያይዘው የብረት ኳስ እንደ ማሳ ሊቆጠር አይገባም፤ ቅባት አለበት፣ ሲሄዱም ይነቃነቃል።

የኋላ መብራቱ ኤልኢዲ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የታሸገ ቢሆን መልካም ነው። ውሃና ንዝረት የተሳቢ መብራት ጠላቶች ናቸው፤ ሁለቱንም ይችላቸዋል።

ውስጥና ደጅ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሲሳካ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ መሥራት ተቻለ፤ ለዚህ ሥራ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። የዚህ ሥራ ውጤት ትንሿ ተሳቢ ድረስ ደርሷል። ቀድሞ በተሳቢዎች ውስጥ የተለመደው 921 የሚባለው አምፖል 18 ዋት ያህል ይወስድ ነበር። ለዚያው ሥራ የሚሆን ኤልኢዲ 3 ዋት ይበቃዋል። አራት አሮጌ አምፖሎች በምሽት አራት ሰዓት ቢበሩ 288 ዋት-ሰዓት ይጨርሳሉ፤ አራቱ ኤልኢዲ ግን 48 ብቻ። ያረጀ ተሳቢ ለገዛ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ወጪ አምፖሎቹን መቀየር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ከዚህ በርካሽ ባትሪ የሚያሰፋ ነገር የለም።

ኤልኢዲ ሲገዛ ግን ሦስት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የቮልት ወሰኑ ነው። ባትሪው 12 ቮልት ይባል እንጂ ቻርጅ ሲደረግ 14.4 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ልክ ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ርካሽ ሪባን መብራት በዚህ ሰዓት ከአቅሙ በላይ እየነደደ ይከርማል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሦስት ሦስት እየሆነ ይጠፋል። ዕቃው ላይ ከ10 እስከ 30 ቮልት ተብሎ የተጻፈ፣ የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው መብራት ይህ ችግር የለበትም። ሁለተኛው የብርሃኑ ቀለም ነው። በኬልቪን ይለካል፤ 2700 ወይም 3000 የተባለው ሞቅ ያለ ቢጫ ነው፣ 6000 የተባለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከዓይን ክንድ ያህል ርቆ፣ 6000 ኬልቪን ማብራት እንቅልፍን ማባረር ነው። ሦስተኛው ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅሙ ነው፤ ሲአርአይ ይባላል፣ 90 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በተለይ ቀይ ቀለም በርካሽ ኤልኢዲ ሥር ይሞታል። ወጥ የሚያወጣ ሰው ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲበስል በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ በደካማ መብራት ሥር ሁሉም ቡናማ ነው።

ማዕድ ቤቱ ከኋላ በሆነበት ቲርድሮፕ ላይ አምራቾች ራሳቸው ደጋግመው የሚስቱት የመብራት ቦታ አለ። መብራቱን በተከፈተው ክዳን ጫፍ ላይ ይሰቅሉታል። የሚያበስለው ሰው የሚቆመው ከክዳኑ ሥር፣ ፊቱን ወደ ተሳቢው አዙሮ ነው። መብራቱ ከጀርባው ስለሚሆን የራሱ ጥላ መክተፊያው ላይ ይወድቃል፤ ቢላዋው ያለው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ደማቁ መብራት ከመደርደሪያው ሥር፣ ከፊት ጠርዙ ላይ ሆኖ ወደ ታች ማብራት አለበት፤ ክዳኑ ላይ የሚኖረው ደብዛዛ ቢሆን ይበቃል፣ ቀለሙም ብርቱካናማ ቢሆን ይመረጣል። ነፍሳት በብዛት የሚሳቡት ወደ ሰማያዊና ወደ አልትራቫዮሌት ወደሚያደላ ብርሃን ነው፤ ብርቱካናማው ከድስቱ በላይ የሚያንዣብበውን የእሳት ራት ይቀንሳል።

አልጋው ጋ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ማንበቢያ፣ ተኝቶ በእጅ የሚደረስ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው፣ ሌላውን የማይቀሰቅስ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 200 ሉመን ለማንበብ ይበቃል። ከዚያ ሌላ ከወለሉ አጠገብ አንድ ደካማ ቀይ መብራት ማስገባት ብልህነት ነው። ዓይናችን ከጨለማ ጋር ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ነጭ ብርሃን ያንን በአንድ ጊዜ ያበላሸዋል፣ ደብዛዛ ቀይ ግን ብዙም አይነካውም። ሌሊት ልጅ ይዞ ወደ መጸዳጃ የሚወጣ ወላጅ ጥቅሙን ያውቀዋል።

ስለ ደጁ መብራት ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በካምፕ ቦታ ጎረቤቱ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ጨርቅ ነው። ከተሳቢ በር በላይ የተሰቀለ ነጭ ፓውዛ የአንዱን በር ለማብራት የአምስት ቤተሰብ ድንኳን ያበራል። ሰዎች ከከተማ ወጥተው ተራራ ላይ የሚያድሩት ደግሞ ሰማዩን ለማየት ጭምር ነው። በዩታ የሚገኘው ናቹራል ብሪጅስ በ2007 በዓለም የመጀመሪያው የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ታውቋል። ከዋሽንግተን በመኪና የሚደረሰው የፔንሲልቫንያው ቼሪ ስፕሪንግስም በሚቀጥለው ዓመት ተከትሎታል፤ በዚያ የኮከብ መመልከቻ ሜዳ ላይ ነጭ መብራት ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው ቀይ ብቻ ነው። የደጅ መብራት ወደ ታች ብቻ የሚያበራ፣ ብርቱካናማ፣ መደብዘዣ ያለውና ሰው ሲገባ የሚጠፋ መሆን አለበት። መረገጫውን ካሳየ ሥራውን ጨርሷል።

ኃይሉ የሚሄደው የት ነው?

ባትሪ ከመግዛት በፊት ወረቀት ላይ መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎች በሞቃት ወቅት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያሳልፋሉ እንበል። መብራት 50 ዋት-ሰዓት። የጣሪያ ማራገቢያ በመካከለኛ ፍጥነት 1 አምፕ ያህል ይወስዳል፤ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 100። ስልኮች 40። በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕረሰር ትንሽ ፍሪጅ እንደ ሙቀቱ ቢለያይም 400 ይያዝለት። ድምሩ 590 ነው። መብራቱ ከዚህ ውስጥ አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ካለ ያለ ማሞቂያው 30 ዋት በስምንት ሰዓት 240 ይጨመራል፤ አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው ክፍል ከበራ ደግሞ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ባትሪ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ ሒሳቡ በእሱ ተጀምሮ ለሌላው የተረፈው መታደል አለበት።

ከዚህ የሚወጣው እውነት የእኛን ማዕድ በቀጥታ ይመለከታል። ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ሁሉ ከባትሪ ጋር አይስማማም። ብዙ ቤተሰብ አሜሪካ ውስጥ እንጀራ የሚጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1500 ዋት ይወስዳል። በ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር በኩል ሲሠራ ይህ ከ125 አምፕ በላይ ነው፤ የ100 አምፕ-ሰዓት ሊቲየም ባትሪን በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶ ያስቀረዋል። ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ማፍላትም ከዚሁ ወገን ነው። እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይምጣ፣ ቡናው በጋዝ ምድጃ ደጅ ይፍላ፤ ባትሪው ለመብራት፣ ለማራገቢያና ለፍሪጅ ይቆይ። ይህን የተቀበለ ሰው ትልቅ ኢንቨርተር መግዛት አያስፈልገውም። ላፕቶፕ እንኳ ዛሬ በ12 ቮልት ዩኤስቢ-ሲ ይሞላል።

ከሰልን በተመለከተ ምንም ማለሳለስ አያስፈልግም። ቡና ያለ ከሰል አይጥምም የሚል ሰው ካለ ከሰሉ ደጅ ይሁን፤ ፍም የያዘ ምድጃ፣ የዕጣን ማጨሻም ቢሆን፣ ተሳቢ ውስጥ አይገባም። በዚያች ጠባብ ቦታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን ሳያነቃ ይገድላል። ከመብራት ሁሉ በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ነው። ምግብ ማብሰያው ወይም ማሞቂያው ፕሮፔን ከሆነ የፕሮፔን ጠቋሚም ያስፈልጋል፤ እሱ ከወለሉ አጠገብ ይተከላል፣ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ።

በባትሪ ምርጫ ላይ ያለው ክርክር ወደ መቋጫው እየደረሰ ይመስለኛል። የሊድ ባትሪ፣ ኤጂኤም የሚባለውን ጨምሮ፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ የ100 አምፕ-ሰዓቱ በሥራ ላይ 600 ዋት-ሰዓት ነው፤ ላይ የቆጠርነውን አንድ ቀን ብቻ ይሸፍናል። ክብደቱም ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን 1280 ዋት-ሰዓት ይዞ አብዛኛውን ይሰጣል፣ 12 ኪሎ ግድም ይመዝናል፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይወርዳል። ለትንሽ ተሳቢ ክብደቱ ብቻውን ይፈርድለታል። አንድ ድክመት አለው፤ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሆን ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። በኅዳር ተራራ ላይ የሚያድር ሰው በብርድ ጊዜ ቻርጁን ራሱ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያለውን መምረጥ አለበት፤ ወይም ባትሪውን ከደጅ ሣጥን አውጥቶ አልጋው ሥር ያድርገው። ፈሳሽ ያለው የሊድ ባትሪ ግን ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚተነፍስ ቦታው ደጅ ነው። ከሰመር ውጭ የማይንቀሳቀስ፣ በዓመት ጥቂት ሌሊት ብቻ የሚያድር ሰው ሊድ ቢገዛ አልወቅሰውም።

ሽቦና ፊውዝ

በ12 ቮልት ዓለም ውስጥ ሽቦ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ከቤት ኤሌክትሪክ ይለያል። ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ለተመሳሳይ ሥራ የሚሄደው አምፕ አሥር እጥፍ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ደግሞ አምፕን ይፈራል። ምሳሌ ልውሰድ። ፍሪጁ ከባትሪው 5 ሜትር ይርቃል፤ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ሽቦ ነው። 5 አምፕ ይወስዳል። ሽቦው 18 ጌጅ ከሆነ መንገድ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ይጠፋል። 12 ጌጅ ከሆነ የሚጠፋው ሩብ ቮልት ነው። ባትሪው ገና 12.2 ላይ ሳለ ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 11.2 ሲሆን የፍሪጁ መከላከያ «ባትሪው አለቀ» ብሎ ያጠፋዋል። ባለቤቱም ባትሪውን ይረግማል፤ ትልቅ ባትሪ ይገዛል፤ ችግሩ ግን አብሮት ይቆያል። ቴስተር ይዞ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ፍሪጁ እየሠራ ስፒናው ላይ መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥፋተኛውን ያሳያል።

ፊውዝ የሚመረጠው ለዕቃው ተብሎ ሳይሆን ለሽቦው ተብሎ ነው። ይህ ነጥብ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። 14 ጌጅ ሽቦ በ15 አምፕ፣ 12 ጌጅ በ20፣ 10 ጌጅ በ30 ፊውዝ ይጠበቃል። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ከፍ ባለው መተካት ሽቦውን ፊውዝ ማድረግ ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በእንጨትና በስፖንጅ መካከል ነው። ዋናው ፊውዝ ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ መሆን አለበት፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ማንም የማይጠብቀው ስለሆነ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ሊቲየም ባትሪ ኮንታክት ከፈጠረ በቅጽበት የሚለቀው አምፕ ከፍተኛ ነው፤ የእሱ ዋና ፊውዝ ያንን መቁረጥ የሚችል ዓይነት መሆኑን ሲገዙ መጠየቅ ይገባል።

መጋጠሚያዎቹም አሉ። ተሳቢ ቤት አይደለም፤ በየኪሎ ሜትሩ ይርገፈገፋል። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ሰመርም አይበቃም። በልኩ የተገዛ ተርሚናል፣ በደንብ የሚጨብጥ መጭመቂያ ፒንሳ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ሽፋን፣ ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ የጎማ መከላከያ፤ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከአንድ ባለ ቀለም ሪባን መብራት ብዙም አይበልጡም። ሽቦ ሁሉ ከመጋረዱ በፊት በሁለቱም ጫፉ ስሙ ቢጻፍበት ከዓመታት በኋላ የሚጠግነው ሰው ያመሰግናል።

ከደጅ የሚመጣ ኤሌክትሪክ

በግል የካምፕ ቦታዎች ተሳቢ የሚሰካበት ሶኬት ይገኛል። የተለመደው 120 ቮልት፣ 30 አምፕ ነው፤ ቲቲ-30 ይባላል፣ 3600 ዋት ይሰጣል። ትንሽ ተሳቢ 15 አምፕ እንኳ ይበቃዋል። አደጋው ያለው ሰው ይህን ሶኬት ቤቱ በር ላይ ሲያስገባ ነው። ቅርጹ የልብስ ማድረቂያን ሶኬት ይመስላል፤ የልብስ ማድረቂያው 240 ቮልት ነው። በተሳቢ ሥራ ያልሠራ ኤሌክትሪሺያን 30 አምፕ ሲባል 240 አስገብቶ ይሄዳል፤ ተሳቢው በተሰካበት ደቂቃ ቻርጀሩና የተሰካው ሁሉ ይቃጠላል። ከመሰካት በፊት በቴስተር መለካት፤ በሁለቱ የኃይል ቀዳዳዎች መካከል የሚነበበው 120 ግድም መሆን አለበት። የተገለበጠ መስመርና የጠፋ ኧርዝ የሚያሳይ፣ ቮልቱ ሲዛባ የሚያቋርጥ መከላከያ ከተሳቢው ጋር አብሮ ቢጓዝ ጥሩ ነው። የ120 ቮልቱ መስመር ውስጥ ሰውን ከመያዝ የሚያድን ጂኤፍሲአይ ብሬከር ሊኖር ይገባል፤ እርጥብ እግር ይዞ ብረት የሚነካ ሰው በካምፕ ብዙ ነው።

አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች ቁጥሩ ይለያል። እዚያ 230 ቮልት ነው፣ ስፒናው ክብ ሰማያዊ ነው፣ ከመኪና ጋር የሚያገናኘውም ብዙ ጊዜ ባለ 13 ነው። አንዳንድ ካምፕ 6 አምፕ ብቻ ስለሚሰጥ 1380 ዋት ላይ ብሬከሩ ይወርዳል። የውሃ ማፍያና ማሞቂያ አብሮ መሰካት አይሆንም።

ሶላር የሚመሰገነውን ያህል በሁሉም ቦታ አይሠራም። 100 ዋት ፓኔል በጥሩ የሰመር ፀሐይ በቀን ከ300 እስከ 400 ዋት-ሰዓት ያስገባል። በሸናንዶዋ ግን አብዛኛው ማደሪያ ዛፍ ሥር ነው፤ ጣሪያ ላይ የተለጠፈ ፓኔል አንድ ጥግ ላይ ጥላ ሲያርፍበት አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል። ለምሥራቁ አሜሪካ የምመርጠው ተጣጥፎ የሚያዝ፣ ረጅም ኬብል ያለው፣ ፀሐይ ወዳለበት የሚዘረጋ ፓኔል ነው። መቆጣጠሪያው ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ደግሞም ፓኔሉ ላይ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፣ በረጅሙ ኬብል ላይ የሚጠፋው ቮልት ቻርጁን እንዳያሰንፈው። በሚነዱበት ጊዜ ከመኪናው ዲናሞ መሙላትም አለ። በባለ ሰባቱ ስፒና ቀጭን መስመር የሚመጣው ጥቂት አምፕ ነው፤ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ የዲናሞውን ቮልት ስለሚያወርዱ እሱም ይቀንሳል። ሊቲየም ባትሪ ያለው ሰው ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ቢያስገባ ሦስት ሰዓት መንዳት ጥሩ ሙሌት ይሆነዋል፤ ለእሱ ግን ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦ ከመኪናው ባትሪ መዘርጋት አለበት።

በቅርብ ዓመታት ይህን ሁሉ በአንድ ሣጥን የጠቀለለው የፓወር ስቴሽን አማራጭ በርትቶ መጥቷል። ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ኢንቨርተሩ፣ የሶላር መግቢያው አንድ ላይ ነው። ለተከራይ፣ ሽቦ መንካት ለሚፈራ፣ ቤት መብራት ሲጠፋም መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ተገቢ ነው። ጉድለቱ የ12 ቮልት መውጫው ብዙ ጊዜ በ10 አምፕ የተገደበ መሆኑና አንድ ክፍል ሲበላሽ ሁሉም አብሮ መቆሙ ነው። የመንገድ መብራቱም ያው ከመኪናው ነው፤ ሣጥኑ እሱን አይመለከትም። ለረጅም ጊዜ ለሚይዘው ተሳቢ ክፍሎቹ ለየብቻ የሚቀየሩበትን ዝርጋታ እመርጣለሁ።

አገር ቤት ላለ ዘመድ ይህን ሣጥን ይዤ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ ይወቀው፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በሻንጣም በእጅም አይገባም። የአሜሪካው ሣጥን የሚሰጠውም 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ ዕቃ ደግሞ 220 ይፈልጋል። እዚያው አገር ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ተሳቢው ቆሞ በሚከርምበት ወራት የሚሆነው ነው። ሁሉ ጠፍቷል ሲባል እንኳ የጋዝ ጠቋሚው፣ የሬዲዮው ሰዓት፣ የዩኤስቢ ሶኬቱ ሰማያዊ ነጥብ እየጠቡ ነው። አንድ አሥረኛ አምፕ ብቻ ቢወስዱ በወር 72 አምፕ-ሰዓት ነው። ከዋናው ፊውዝ ቀጥሎ ሁሉንም የሚቆርጥ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገባት ይህን ይፈታል፤ ሰው ሲገባ ከሁሉ በፊት ይበራል፣ ጠቋሚው ሳይሠራ ማንም እንዳይተኛ። ለብርዱ ወራት የሚቀመጥ የሊድ ባትሪ ጢም ብሎ ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ባዶው በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። ሊቲየሙ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ሽቦው ተነቅሎ፣ ከቤት ውስጥ ይደር።